ለጨጓራ ቁስለት የጨረር ሕክምና፣ ቀዶ ሕክምና ወይስ መድኃኒት? የንጽጽር መመሪያ

የጨጓራ ቁስለት ለዓመታት ያሰቃየው፣ የሚወስደው መድኃኒት ለጥቂት ሳምንታት አስታግሦለት መልሶ የሚያገረሽበት ሰው፣ ከዚህ የጠነከረ ሕክምና እንዳለ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። የጨረር ሕክምና ለካንሰር እንደሚሰጥ የሚያውቅ ደግሞ የጨጓራውን ቁስል በጨረር ማድረቅ ይቻል እንደሆነ ማሰቡ አይቀርም። መልሱን ከመነሻው ማስቀመጥ ተገቢ ነው፤ በዛሬው ሕክምና ለጨጓራ ቁስለት ተብሎ ጨረር አይሰጥም፣ ሊሰጥም አይገባም። ሆኖም ሐሳቡ ከባዶ የመጣ አይደለም። በአሜሪካ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ከ1937 እስከ 1965 ድረስ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከ1,800 በላይ የቁስለት ሕመምተኞች በጨረር ታክመዋል። ያ ሕክምና ምን እንዳስገኘና ምን እንዳስከፈለ በጥናት ስለታወቀ፣ ከቀዶ ሕክምናና ከመድኃኒት ጋር በማስረጃ ማነጻጸር ይቻላል።

ሦስቱን ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ ከዋጋና ከፍጥነት በፊት ሊጠየቅ የሚገባው፣ ሕክምናው ያነጣጠረው ጨጓራ በሚያመነጨው አሲድ ላይ ነው ወይስ ቁስሉን ባመጣው ምክንያት ላይ የሚለው ነው። አሲዱን ብቻ የሚቀንስ ሕክምና ቁስሉን ሊያደርቀው ይችላል፤ ምክንያቱ እስካለ ድረስ ግን ቁስሉ የመመለስ ዕድሉ ከፍተኛ ነው።

የጨረር ሕክምናው ምን ይሠራ ነበር?

በጨጓራ ግድግዳ ውስጥ አሲድ የሚያመነጩ ሕዋሳት አሉ። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ ሐኪሞች ያለ አሲድ ቁስለት አይኖርም ብለው ያምኑ ስለነበር፣ ጥረታቸው ሁሉ አሲዱን በማጥፋት ላይ ያተኮረ ነበር። በቺካጎ ይሠራ የነበረው በርትራም ሲፒ በ1915 ያስተዋወቀው አመጋገብ ሕመምተኛው በየሰዓቱ ወተትና ክሬም እንዲጠጣ፣ በመካከሉም አሲድ የሚያረክስ ዱቄት እንዲወስድ ያዝዝ ነበር። በዚህ ያልዳነ ሰው የሚቀረው ጨጓራውን በከፊል ማስቆረጥ ነበር፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ቀዶ ሕክምናው ራሱ ሕይወት ሊያስከፍል ይችል ነበር። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በዋልተር ሊንከን ፓልመር የሚመራው የሐኪሞች ቡድን ወደ ጨረር ያመራው ምርጫው ይህን ያህል ጠባብ በነበረበት ጊዜ ስለሆነ፣ ሰዎቹን በዛሬ ዕውቀት መኮነን ፍትሐዊ አይመስለኝም።

ሕመምተኛው በየቀኑ የተወሰነ መጠን ያለው ጨረር በሆዱ ላይ እንዲያርፍበት እየተደረገ፣ ሕክምናው በአብዛኛው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለ ጊዜ ውስጥ ይጠናቀቅ ነበር። ጨጓራው በድምሩ የሚቀበለው መጠን በአማካይ 15 ግሬይ (ግሬይ አካል የተቀበለው ጨረር መለኪያ ነው) ገደማ ነበር። ይህ መጠን ካንሰርን ለማጥፋት ከሚሰጠው ያነሰ ቢሆንም፣ አሲድ አመንጪ ሕዋሳትን ለማዳከም በቂ ነበር። ከሕክምናው በኋላ በነበሩት ሳምንታት አሲዱ ይቀንሳል፤ በአንዳንዶቹም ለጊዜው ፈጽሞ ይጠፋል። ሕመሙ ይታገሣል፣ ቁስሉም ይደርቃል። ችግሩ የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው፤ የተጎዱት ሕዋሳት በወራት ውስጥ ስለሚያገግሙ በብዙዎቹ ሕመምተኞች አሲዱ ተመለሰ፣ ከአሲዱም ጋር ቁስለቱ የተመለሰባቸው ነበሩ።

ከሁለት አሥርተ ዓመታት በኋላ የታየው

ጨረር በሰውነት ላይ የሚያደርሰው ከባዱ ጉዳት በዓመቱ አይታይም። የቺካጎዎቹን ሕመምተኞች በአማካይ ከ20 ዓመት በላይ የተከታተለው፣ በ1994 የታተመው ጥናት፣ በጨረር የታከሙትን 1,831 ሰዎች በተመሳሳይ ሕመም በሌላ መንገድ ከታከሙ 1,778 ሰዎች ጋር አነጻጸረ። ይህ ዓይነቱ ንጽጽር ትልቅ ዋጋ አለው። የጨጓራ ቁስለት ያለበት ሰው ከጤነኛው ይልቅ ለጨጓራ ካንሰር የተጋለጠ ስለሆነ፣ የታከሙትን ከተራው ሕዝብ ጋር ብቻ ቢያስተያዩ ኖሮ ካንሰሩ ከጨረሩ ይሁን ከሕመሙ መለየት ባልተቻለ ነበር።

ውጤቱ አሳሳቢ ነበር። በጨረር የታከሙት በጨጓራ ካንሰር የመሞት ዕድላቸው ካልታከሙት በሦስት እጥፍ ገደማ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ በቆሽትና በሳንባ ካንሰር የመሞት ዕድላቸውም እንዲሁ ጨምሮ ነበር። ጨጓራ ብቻውን የተቀመጠ አካል ባለመሆኑ ይህ የሚያስገርም አይደለም። ከኋላው ቆሽት፣ ከበላዩ የግራ ሳንባ ግርጌና የልብ ጫፍ፣ በአጠገቡም ጉበት፣ ጣፊያና የግራ ኩላሊት ስላሉ፣ ለጨጓራ የታለመው ጨረር እነርሱንም ሳይነካ አያልፍም። እነዚሁን ሕመምተኞች የተከታተለ፣ በ2005 የወጣ ሌላ ጥናትም ጨረሩ ልባቸውን በነካው መጠን በልብ ደም ሥር ሕመም የመሞት ዕድላቸው መጨመሩን አሳይቷል። ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው፣ በጨረርም በቀዶ ሕክምናም የታከሙ ሰዎች ጉዳይ ነው፤ በእነርሱ ላይ የጨጓራ ካንሰር አደጋው የሁለቱ ሕክምናዎች አደጋ ተደምሮ ከሚሆነው በላይ ከፍ ያለ ነበር።

ቁስለት በራሱ በአብዛኛው ለሞት የማያበቃ፣ ብዙ ጊዜም በወጣትነትና በጎልማሳነት ዕድሜ የሚያጠቃ ሕመም ነው። የ35 ዓመት ሰው ለጥቂት ወራት እፎይታ ሲል በ55 ወይም በ60 ዓመቱ ሊመጣ የሚችል ካንሰር እንዲቀበል ማድረግ፣ ሌላ መንገድ እስካለ ድረስ ምንም ማመካኛ አይገኝለትም። ሌላው መንገድ ደግሞ ተገኝቷል።

ቀዶ ሕክምናው

በዚያው በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሌስተር ድራግስቴት የተባለ የቀዶ ሕክምና ሐኪም በ1943 ጨጓራን አሲድ እንዲያመነጭ የሚያዝዘውን ቬገስ የተባለ ነርቭ በመቁረጥ ቁስለትን ማከም ጀመረ። ከጨረሩ ጋር ሲነጻጸር ይህ መንገድ የአሲዱን መጠን በአስተማማኝ ሁኔታና ለረጅም ጊዜ ይቀንሳል፤ በአጎራባች አካላት ላይም የካንሰር ዘር አይዘራም። ይሁንና ነርቩ ጨጓራው ምግብ ወደ አንጀት እንዲያወርድ ጭምር ስለሚያዝዝ፣ የተቆረጠበት ሰው ምግብ በጨጓራው እየተቋጠረ ይቸገር ነበር። ለዚህ መፍትሔ ተብሎ የጨጓራው መውጫ በቀዶ ሕክምና ሲሰፋ፣ ምግቡ ተጣድፎ ወደ አንጀት እየወረደ ከበሉ በኋላ የሚያልብ፣ ልብ የሚያስመታና የሚያስቀምጥ ሌላ ሥቃይ ያመጣ ነበር።

ቁስለትን ለማዳን ሲባል ብቻ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና ዛሬ ከሞላ ጎደል ቀርቷል። ቁስሉ ጨጓራውን ወይም አንጀቱን ሲበሳው ግን ቀዶ ሕክምናው አሁንም ሕይወት አዳኝ ነው። ድንገት እንደ ጩቤ ወግቶ የጀመረ፣ ሆድን እንደ ጣውላ የሚያደርቅና ለመንቀሳቀስ የማያስችል ሕመም ያለበት ሰው በመድኃኒት እስኪሻለው ሊጠበቅ አይገባም፤ እያንዳንዱ ሰዓት ዋጋ አለው። የማይቆም ደም ሲኖርና ጠባሳው የጨጓራውን መውጫ ሲዘጋውም እንደዚሁ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ያስፈልጋል። ለሚደማ ቁስል መጀመሪያ የሚሞከረው ኢንዶስኮፒ ነው፤ ሐኪሙ በቀጭኑ ቱቦ በኩል ቁስሉን እያየ መድኃኒት ይወጋዋል፣ በሙቀት ይተኩሰዋል፣ ወይም የሚደማውን ሥር በትንሽ የብረት መቆንጠጫ ያስረዋል። ይህ አገልግሎት በሁሉም ሆስፒታል ስለማይገኝ፣ ቁስለት እንዳለበት የተነገረው ሰው በአቅራቢያው የት እንደሚሰጥ አስቀድሞ ቢጠይቅ መልካም ነው።

መድኃኒቱ፣ ምክንያቱን ያገኘው መንገድ

አሲድን የሚቀንሱ ውጤታማ እንክብሎች የመጡት ከ1970ዎቹ አጋማሽ በኋላ ነው። በመጀመሪያ ሲሜቲዲን በ1976፣ ከዚያም ኦሜፕራዞል በ1988 ለገበያ ቀረቡ። ጨረሩ ሕዋሳትን ጎድቶ ያመጣውን ውጤት እነዚህ መድኃኒቶች ሕዋሱን ሳይጎዱ፣ ሲያቆሟቸውም ሥራቸው በሚቆም መንገድ አመጡት። በዚህ ብቻ የጨረሩ ምክንያት አብቅቶለት ነበር። ሆኖም ሲሜቲዲን የወሰደ ሰው መድኃኒቱን ሲያቆም ቁስለቱ በአንድ ዓመት ውስጥ ከግማሽ በላይ በሆኑት ሕመምተኞች ይመለስ ስለነበር፣ ብዙዎች ዕድሜ ልካቸውን እንክብል ሲውጡ ኖረዋል።

እንቆቅልሹ የተፈታው በአውስትራሊያ በፐርዝ ከተማ ነው። ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል በጨጓራ ውስጥ የሚኖረውንና በኋላ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለውን ባክቴሪያ በ1982 በቤተ ሙከራ አሳደጉት። ብዙ ሐኪሞች አሲድ ባለበት ባክቴሪያ አይኖርም ብለው ስላላመኗቸው፣ ማርሻል በ1984 ባክቴሪያው ያለበትን ፈሳሽ ራሱ ጠጥቶ በጨጓራ ብግነት ታመመ። ሁለቱ በ2005 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት በ1994 የጠሩት የባለሙያዎች ጉባኤ ባክቴሪያው የተገኘበት የቁስለት ሕመምተኛ ሁሉ በፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት እንዲታከም መከረ፤ በጨረር የታከሙት ሰዎች የካንሰር ጥናት የታተመበትም ዓመት ያው 1994 ነበር።

ባክቴሪያው ከጠፋ ቁስለቱ የሚመለሰው በጥቂት ሰዎች ላይ ብቻ ነው። ከዚህ የተነሣ ንጽጽሩ ሚዛኑን የጠበቀ አይሆንም፤ ጨረሩ ለወራት የሰጠውን እፎይታ የሁለት ሳምንት እንክብል ለዘለቄታው ይሰጠዋል። ባክቴሪያው ለጨጓራ ካንሰር መነሻ ከሆኑት ዋነኞቹ አንዱ ስለሆነ ደግሞ፣ ጨረሩ የጨመረውን አደጋ የመድኃኒቱ ሕክምና ይቀንሰዋል።

በተለምዶ የሚታዘዘው ሦስት መድኃኒት ያለበት ሕክምና ኦሜፕራዞል 20 ሚሊ ግራም፣ ክላሪትሮማይሲን 500 ሚሊ ግራምና አሞክሲሲሊን 1 ግራም፣ እያንዳንዱ በቀን ሁለት ጊዜ ለ14 ቀን የሚወሰድበት ነው። ኦሜፕራዞሉ ከምግብ በፊት ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ቢዋጥ በተሻለ ይሠራል። ባክቴሪያው ክላሪትሮማይሲንን እየተላመደው በመምጣቱ፣ የአሜሪካ የጨጓራና አንጀት ሐኪሞች ኮሌጅ በ2024 ባወጣው መመሪያ ቅድሚያ የሰጠው ቢስመዝ፣ ቴትራሳይክሊን፣ ሜትሮኒዳዞልና አሲድ ቀናሽ መድኃኒት ያሉበትን የአራት መድኃኒት ሕክምና ነው። በአሜሪካ የሚኖር ወገናችን ከሐኪሙ ሁለተኛውን፣ አዲስ አበባ ያለው ዘመዱ ደግሞ የመጀመሪያውን ቢታዘዝለት አንዱ ተሳሳተ ማለት አይደለም፤ ልዩነቱ በየአገሩ ካለው አቅርቦትና የባክቴሪያው መላመድ የሚመጣ ነው። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው አሞክሲሲሊን ከመታዘዙ በፊት መናገር አለበት፤ ሜትሮኒዳዞል የሚወስድም ጠላ፣ ጠጅም ሆነ ሌላ መጠጥ እንዳይቀምስ ይመከራል። ቢስመዝ ሰገራን ያጠቁራል። ደም መስሎት የሚደነግጥ ሰው አለ፤ ከዚህ ይልቅ የሚያስፈራው ግን እውነተኛውን መድማት "መድኃኒቱ ነው" ብሎ የሚያልፈው ሰው ነው። በመድማት የሚመጣው ሰገራ እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅና በጣም የሚከረፋ ከመሆኑም በላይ ማዞርና ድካም አብረውት ይመጣሉ።

ጾም ለብዙ ሕመምተኞች ሕክምናውን የሚያቋርጡበት ምክንያት ይሆናል። በቀን ሁለት ጊዜ የሚወሰደው ሕክምና በረመዳን ከኢፍጧርና ከሱሁር ጋር ሊገጣጠም ስለሚችል ሐኪሙን ማማከር ነው፤ በቀን አራት ጊዜ የሚወሰደው የአራት መድኃኒት ሕክምና ግን ከጾም ጋር አይሄድም። በዐቢይ ጾም የሚታከም ምእመንም ጉዳዩን ለንስሐ አባቱ ነግሮ ሕክምናውን ሳያጓድል ቢጨርስ ይሻላል፤ በስድስተኛው ቀን ሕመሙ ስለለቀቀ መድኃኒቱን ማቆም ባክቴሪያውን ለቀጣዩ ጊዜ ማጠንከር ነው።

ከባክቴሪያው ቀጥሎ ሁለተኛው ትልቅ የቁስለት ምክንያት የሕመም ማስታገሻ ነው። ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን የጨጓራን መከላከያ ሽፋን ያሳሳሉ። ለወገብና ለጉልበት ሕመም ከፋርማሲ እየገዛ በየቀኑ የሚውጣቸው ሰው፣ ባክቴሪያ ባይኖርበትም እንኳ ቁስለት ሊያወጣ ይችላል፤ ሕክምናውም ማስታገሻውን ማቆምና አሲድ ቀናሹን ለሳምንታት መውሰድ ነው። ለልብ ሕመም አስፕሪን የታዘዘለት ግን በራሱ ፈቃድ ሊያቆም አይገባም፤ ለሐኪሙ ነግሮ ጨጓራውን የሚጠብቅ መድኃኒት ይጨመርለታል።

ተልባና ወተትን በተመለከተ አጭር ማሳሰቢያ ይበቃል። ሁለቱም ማቃጠሉን ለጊዜው ሊያበርዱ ይችላሉ፤ ባክቴሪያውን ግን አያጠፉም፣ ወተት እንዲያውም ቆይቶ ጨጓራው ብዙ አሲድ እንዲያመነጭ ያነሣሣዋል። በርበሬ ቁስለት አያመጣም፤ ያለውን ሕመም ካባባሰበት ሰውየው ለጊዜው አልጫ ቢበላ ይበቃዋል። ሲጋራ ግን ቁስሉ እንዳይድን ስለሚያደርግ መቆም አለበት።

ጨረር በጨጓራ ላይ ዛሬም የሚሰጥበት ሁኔታ

ሁለት ነገሮች እንዳይምታቱ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ነጭ ፈሳሽ ጠጥቶ የሚነሣ የጨጓራ ራጅ ምርመራ እንጂ ሕክምና አይደለም፤ የጨረሩ መጠን ለቺካጎ ሕመምተኞች ይሰጥ ከነበረው ቢያንስ በመቶዎች እጥፍ ያነሰ ስለሆነ፣ የዚያን ሕክምና ታሪክ ሰምቶ አስፈላጊ ራጅ መከልከል ተገቢ አይደለም። ሁለተኛ፣ ቁስል የመሰለ ነገር ሁሉ ቁስለት አይደለም። ከጨጓራ ቁስል ጠርዝ በኢንዶስኮፒ ናሙና የሚወሰደው አንዳንዱ ቁስል ካንሰር ሆኖ ስለሚገኝ ነው።

ማልት ሊምፎማ የሚባለው የጨጓራ ካንሰር ለዚህ ንጽጽር ልዩ ቦታ አለው። ይህ ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከዚያው ባክቴሪያ ስለሆነ፣ ገና በጅማሬው ባክቴሪያው ያለበት ሕመምተኛ መጀመሪያ የሚሰጠው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ነው፤ በብዙዎቹም ካንሰሩ በዚሁ ይጠፋል። ያልጠፋለት ሰው ከ24 እስከ 30 ግሬይ የሚደርስ ጨረር በሦስትና በአራት ሳምንት ተከፋፍሎ ይሰጠዋል፣ ውጤቱም እጅግ ጥሩ ነው። መጠኑ ከቺካጎው የበለጠ ሆኖ ሳለ ሚዛኑ የሚገለበጠው፣ እዚህ ያለው ሕመም ራሱ ካንሰር ስለሆነና ዛሬ ጨረሩ በሲቲ ስካን ተለክቶ አጎራባች አካላት በተቻለ መጠን እንዲድኑ ተደርጎ ስለሚታቀድ ነው። የማይድን የጨጓራ ካንሰር ሲደማም ጥቂት ቀን የሚሰጥ ጨረር ደሙን ሊያቆም ይችላል። በኢትዮጵያ ለረጅም ዓመታት የጨረር ሕክምና ይሰጥ የነበረው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ እንደነበረና የካንሰር ሕመምተኞች ተራ እስኪደርሳቸው ወራት ይጠብቁ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው፣ ይህ መሣሪያ ለማን መዋል እንዳለበት ለመወሰን አይቸገርም።

ምርጫውን በተግባር

ዕድሜው ከ50 በታች የሆነ፣ የሚደማ ነገር የሌለበትና ክብደቱ ያልቀነሰ ሰው በባክቴሪያ ምርመራ ቢጀምር በቂ ነው። የሰገራ አንቲጂን ወይም የትንፋሽ ምርመራ ባክቴሪያው አሁን መኖሩን ያሳያል፤ በብዙ ክሊኒኮች የሚሠራው የደም ምርመራ ግን ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለረጅም ጊዜ "አለ" ሊል ስለሚችል፣ በእርሱ ብቻ ተመሥርቶ ሕክምናን መደጋገም አይመከርም። በኢትዮጵያ በተደረጉ ጥናቶች ከተመረመሩት ሰዎች ግማሽ ያህሉ ባክቴሪያው ተገኝቶባቸዋል፤ አብዛኞቹ ቁስለት የላቸውም። ስለዚህ "ባክቴሪያ አለብህ" መባል ብቻውን የሕመሙን ምንጭ አያረጋግጥም። ዕድሜው የገፋ፣ ሳይፈልግ የከሳ፣ ለመዋጥ የተቸገረ፣ ደም ያስታወከ ወይም ደም ማነሱ የተነገረው ሰው ከማንኛውም መድኃኒት በፊት ኢንዶስኮፒ ያስፈልገዋል።

ሕክምናውን የጨረሰ ሰው ባክቴሪያው መጥፋቱን ደግሞ መመርመር አለበት። ይህ የሚሠራው ፀረ ባክቴሪያው ካበቃ ቢያንስ ከአራት ሳምንት፣ ኦሜፕራዞሉ ከቆመ ደግሞ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠራ ምርመራ ባክቴሪያው ሳይጠፋ "የለም" ሊል ይችላል። ውጤቱ አሁንም "አለ" ካለ፣ ቀጣዩ ሕክምና ቀደም ሲል ያልተወሰዱ ፀረ ባክቴሪያዎች ያሉበት መሆን ስላለበት፣ የመጀመሪያዎቹን መድኃኒቶች ማዘዣ ወይም ባዶ ካርቶናቸውን አስቀምጦ ለሐኪሙ ማሳየት ያስፈልጋል።